ልጄ የጅራፍ ድምፅና የሱፍ ሹራብ አይችልም፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል

የጠባሴዋ ልብስ ሰፊ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል። ጥያቄዬ ስለ ትምህርት ቤት ነው፤ ግን ልጁን ሳታውቁት መልስ መስጠት ስለሚከብድ መጀመሪያ ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ድምፅ ያመዋል። ቤታችን ኮርኒስ የለውም። በሐምሌ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። በረዶው ካባራ በኋላም ቶሎ አይወጣም። አሁን ደግሞ ቡሄ እየቀረበ ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል። ጅራፍ የሰማ ቀን ከግቢ አይወጣም። የሠርግ ሞንታርቦ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ሁሉም ያው ነው።

የሚገርመኝ የኔን የስፌት መኪና ይወደዋል። ስሰፋ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ጀርባውን እግሬ ላይ ያስደግፋል። እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። መኪናዬ እኮ አሮጌ ናት፣ ትጮሃለች። ይሄን ችሎ ያንን ለምን እንደማይችል አልገባኝም።

ልብስ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ተሳክቶልኛል። አንገት ሥር ያለችውን ማርካ ስፌቷን ፈትቼ አወጣታለሁ። በመቀስ ከተቆረጠች ጫፏ ይቀርና ይባስ ትወጋዋለች። ካልሲውን ገልብጬ ነው የማለብሰው፤ ጣቱ ጋ ያለው ስፌት ወደ ውጭ እንዲሆን። አዲስ ልብስ አልገዛለትም፣ ሰልባጅ እመርጣለሁ። ብዙ ታጥቦ ስለለሰለሰ ሳያለቅስ ይለብሰዋል። ሱፍ ግን በምንም አይሆንም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የሱፍ ሹራብ ነው።

ምግብም እንዲሁ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ደረቅ ዳቦ ይበላል። ወጥ የነካው እንጀራ አፉ ውስጥ ሲገባ ያስመልሰዋል። ፀጉሩን የምንቆርጠው ተኝቶ ሳለ በመቀስ ነው። ቶንዶስ ገና ድምፁን ሲሰማ ይሮጣል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ዘመድ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሰላ ድንጋይ ናቸው። ለቡሄ እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ሁሉም አቅፎ ጉንጩን ደጋግሞ ይስመዋል። እሱ ይጮሃል፣ ጉንጩን በእጅጌው ይጠርጋል። ከዚያ "አሞላቀቅሽው" ይባላል። አማቴ ይወዱታል፤ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ቅቤ አናቱ ላይ ሊያደርጉለት ይፈልጋሉ፣ ጻድቃኔ ማርያም ወስደው ጠበል ሊያስጠምቁት ይፈልጋሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲፈስበት ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ደስ የሚሉም ነገሮች አሉ። ከፋሲካ ወዲህ የራሱን ጥርስ በራሱ መፋቂያ ይፍቃል። ዝናብ ሊመጣ ሲል "እማ፣ ሊጮህ ነው" ብሎ ቀድሞ ይነግረኛል። ድሮ ዝም ብሎ ነበር የሚሮጠው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽሮ በጣቱ ነክቶ አሸተተ። አልበላም። መንካቱ ራሱ ለኔ በዓል ነበር፣ ለባለቤቴ ሥራ ቦታ ደውዬ ነገርኩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ሹራቡን፣ ደወሉን፣ የልጆቹን ጫጫታ እንዴት ላድርግ? ሰላ ድንጋይስ እንዴት እንሂድ? እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ ካለ ይንገረኝ። "ይለምደዋል" አትበሉኝ። ሰው ሁሉ እንዲያ እያለኝ ስድስት ዓመት ሞላው።

መምህሩ (ሞላሌ፣ መንዝ)

እህቴ፣ ልጅሽን በደንብ ታውቂዋለሽ። ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ሁለተኛዋ ልጄም እንዲህ ናት። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ከጅራፉ ልጀምር። ልጅሽ መኪናሽን የሚወደው ምቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይመስለኛል። ደግሞም እግርሽ ፔዳሉን ሲረግጥ ጀርባው ላይ ስለሚሰማው፣ ድምፁ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቆም ያውቃል። ጅራፍ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ጅራፉን እሱ ያጩኸው። እኛ ቤት ያደረግነው ይሄንን ነው። ቃጫ ገዛሁ፣ አብረን ገመድን። መጀመሪያ አጭርና ድምፅ የሌለው ነበር። እሷ እያወዛወዘች ትጫወትበት ጀመር። ስትፈልግ ጫፉን እያቀጠንን አስረዘምነው። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ራሷ አጮኸችው። ደነገጠች። ቀጥላ ደግማ አጮኸችው። የሌላ ልጅ ጅራፍ ዛሬም ደስ አይላትም፣ ግን ጆሮዋን ይዛ መንገዷን ትቀጥላለች። ቡሄ እስኪደርስ ይሄ ሁሉ ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ። ዘንድሮ መግመዱ ብቻ ይበቃል።

ወደ ትምህርት ቤቱ። ምዝገባ ላይ ዝም ብለሽ አስመዝግበሽ አትመለሺ። ርዕሰ መምህሩን ቀጠሮ ያዢውና ለብቻው አነጋግሪው። "ልጄ ችግር አለበት" ብለሽ አትጀምሪ። እኔ አስተማሪ ሆኜ የምነግርሽ፣ እንዲያ ሲባል መምህሩ የሚያስበው የሚረብሽ ልጅ ነው። "ድንገተኛ ድምፅ ጆሮውን ያመዋል፣ እንዲህ ሲደረግለት ደህና ይሆናል" በይው። ሦስት ወይም አራት ነገር ብቻ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ደወሉን የሚመታው ሰው ከመምታቱ በፊት ልጁ ቢያውቅ፤ ቢቻል ራሱ እንዲመታ ቢፈቀድለት። በር አጠገብ ሳይሆን ግድግዳ ጥግ ቢቀመጥ፤ ከኋላው ሰው እንዳያልፍ። ሲጨንቀው እጁን አውጥቶ ለአፍታ ውጭ እንዲቆም ቢፈቀድለት።

የሱፍ ሹራቡ ላይ አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ። ያው ቀለም ጥጥ ጨርቅ ፈልገሽ ወፍራም አድርገሽ ስፊለት፣ ናሙናውን ይዘሽ ሂጂ። የሚከለክል ርዕሰ መምህር ብዙም አላየሁም። ዩኒፎርም የሚፈለገው ቀለሙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ትችልና ቤት ስትደርስ በትንሽ ነገር ትፈነዳ ነበር። ልጅሽም እንዲህ ካደረገ ትምህርት ቤቱን ጠልቶ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ሲመለስ ጥያቄ አታብዢበት። "ዛሬ ምን ተማርክ" የሚለው ይቆይ። ቆሎውን ስጪው፣ ጠረጴዛሽ ሥር ይቀመጥ።

ነርስ ነኝ (ሸዋ ሮቢት)

መምህሩ በተናገረው ላይ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር። የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው።

አምስቱን ስሜቶች ሁላችንም ተምረናል። ከእነሱ ሌላ ሰውነት ሦስት አሉት። አንደኛው ሚዛን የምንጠብቅበት ነው፤ መነሻው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እጅና እግራችን የት እንዳለ ሳናይ የምናውቅበት፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ረኃብን፣ ሽንትን፣ የልብ ምትን የምናውቅበት የውስጥ ስሜት ነው። አና ጂን ኤርስ የተባሉ አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲችል የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ናቸው እነዚህ ስሜቶች አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚቀናጁ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥንተው ያስተማሩት። አንዳንድ ልጅ ላይ ቅንጅቱ የተለየ ይሆናል። ሌላው የማያስተውለው ነገር ለእሱ በጣም ይጎላበታል።

የልጅሽ ጀርባ እግርሽ ላይ መደገፉ በአጋጣሚ አይደለም። ቀላልና ድንገተኛ ንክኪ ብዙዎቹን እነዚህን ልጆች ያስቆጣል። ጠንከር ያለና የማይንቀሳቀስ ጫና ደግሞ ያረጋጋቸዋል። ጉንጭ ላይ መሳም የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ስለዚህ ከባድ ሥራ ስጪው። ውኃ በትንሽ ጄሪካን ይዞ ይምጣ። ኩበት ያግዝሽ። በሙቀጫ ይውቀጥ፤ ዘነዘናው ራሱ የሚያነሣው ስለሆነ ድምፁ ላያስቸግረው ይችላል። ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ጠዋት እንዲህ ያለ ሥራ ቢሠራ ለብዙ ልጆች ይረዳል። ገመድ አስረሽ ዥዋዥዌ ብትሠሪለትም ጥሩ ነው፤ ግን ራሱ ይግፋ፣ ሰው አይግፋው።

ለማታ የመንዝ ባና አለላችሁ አይደል? ክብደቱ ጥሩ ነው። ሱፍ ስለማይችል በአቡጀዴ ሸፍነሽ ስፊው። ፊቱን እንዳይሸፍን፣ ደግሞም ራሱ አንሥቶ መጣል የሚችል መሆን አለበት። ለጨቅላ ሕፃናት እንዲህ ያለ ከባድ ነገር አይደረግም፣ ሌላ እናት አንብባ እንዳትሞክረው ነው።

የጆሮ መከላከያ የሕንፃ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል። ለበረዶ፣ ለሞንታርቦ፣ ለጉዞ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ አይድረግ። ጆሮ ጸጥታን ብቻ ከለመደ ተራው ድምፅም ይከብደዋል።

ሐኪም ዘንድ ግን ሂጂ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፣ የመስማት ምርመራም ይደረግለት። የሚበላው ምግብ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ የደም ማነስ ካለበትም ይታያል። እንዲህ ድምፅና ንክኪ ከልክ በላይ መጉላቱ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎታል። ግን ብቻውን ኦቲዝም አያሰኝም። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆችም እንዲህ ይሆናሉ። የሚወስነው ያየው ባለሙያ ነው፤ እኔ በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ካስፈለገ ከአንቺ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ነው። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፣ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው የጀመሩት። ነህምያ የሚባልም ማዕከል አለ።

በአንቺ አስተዳደግ የመጣ አይደለም። ነው የሚልሽ ቢኖር አትቀበይ።

የአንኮበሯ

ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ይሄንን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ የምትጽፍልኝም እሷ ናት።

ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ነበር። ያኔ ነገሩ ስም አልነበረውም። ባሕርይው ነው ተብሎ ታለፈ። የገብስ ገንፎ ሲያይ ከቤት ይወጣል። በርኖስ አልለብስ ብሎ በብርድ ይንዘፈዘፋል። አባታችን ደግ ሰው ነበሩ፣ በግ ጥበቃ ላኩት። ሜዳው ላይ ጫጫታ የለም። እዚያ ሰው ሆነ። አሁን ሦስት ልጆች አሉት፣ ሁሉንም ዳረ። ገንፎ ዛሬም አይበላም።

የመሳሙን ነገር ልንገርሽ። ልጁን "ሰው አይሳምህ" ማለት አማትሽን ያስቀይማል። አንቺ ግን ጉልበት መሳም አስተምሪው። ትልቅ ሰው ሲያይ ሮጦ ዝቅ ብሎ ጉልበት ይሳም። አንደኛ፣ የጨዋ ልጅ ሥርዓት ነው፤ ማን ይቆጣዋል? ሁለተኛ፣ እሱ ነው የሚነካው፣ እሱን አይደለም የሚነኩት። ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ይጫን፣ ከዚያ ይሩጥ። ሰላ ድንጋይ ከመድረስሽ በፊት ለአማትሽ ደውዪላቸውና "ዘንድሮ ልጁ ጉልበት መሳም ተምሯል፣ ጉልበትዎን ይስጡት" በያቸው። ደስ ይላቸዋል። ለሌላው ዘመድ እሳቸው ራሳቸው ይነግሩልሻል።

ጠበሉን አትከልክዪ። እኔም አላምንበትም የሚል ሰው አይደለሁም። ግን ጠበል መጠጣትም አለ። በጄሪካን ያምጡለት፣ በለመደው ኩባያ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ፣ እሳቸው ያስረዱልሻል። ሐኪሙንም ጠበሉንም ይዘሽ ሂጂ። ቅቤውን ደግሞ አማትሽ እጅሽ ላይ ያድርጉልሽ፣ አንቺ ቀቢው። ካልፈለገ አንቺ ተቀቢ።

የጠባሴዋ ልብስ ሰፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ ጉልበት መሳሙን ለባለቤቴ ሳነብለት ተነሥቶ እናቱ ጋ ደወለ። እኔ እስክጠይቀው አልጠበቀም።

ከቡሄ ተመልሰናል። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ በአባቱ ጉልበት ተለማመደ። ጨዋታ አደረገው፣ የጠረጴዛዬንም እግር ሳመ። ሰላ ድንጋይ ስንደርስ አማቴ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ጋቢ ውስጥ አስገብተዋል፣ እንዳይዘረጉ ብለው ይመስለኛል። ልጁ ቆመና አያቸው። ከዚያ ሄዶ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ጫነ። አላነሣውም፣ ቆየ። አማቴ አለቀሱ፣ ግን አልነኩትም። ሌሎቹ ዘመዶች ሊስሙት ሲመጡ "ጉልበት! ጉልበት!" እያሉ ይከለክሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አንድ አጎት አልሰማ ብለው አንሥተው ሳሙት፤ ጮኸ፣ ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ። ማንም ግን "አሞላቀቅሽው" አላለኝም።

ጅራፉን አባቱ ገመደለት። መምህር፣ እንዳሉት አጭር ነው፣ አይጮህም። ይዞት ይተኛል። የልጆቹን ሆያ ሆዬ ከመስኮት ውስጥ ሆኖ ሰማ። መከላከያው ጆሮው ላይ ነበር፤ መሐል ላይ አንዱን ጆሮ ከፈት አድርጎ አዳመጠና መልሶ ዘጋው። ሙልሙል ሲሰጡ ግን በሩን ከፍቶ ራሱ ሰጠ። ይሄንን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍላችሁ አልችልም። አምና ያን ቀን አልጋ ሥር ነበር።

ጠበሉን በኩባያ ጠጣ። ቅቤውን እኔ ተቀባሁ።

ለቤቱ ጣሪያ በአቡጀዴ ኮርኒስ ሠራንለት። በረዶውን አላጠፋውም፣ ግን ያ የሚሰነጥቀው ድምፅ ቀንሷል። ባናውን ሸፍኜ ሰፍቼለታለሁ፤ ከላይ ሲደረግበት "ይክበድ" ይላል። የሐኪም ቀጠሮ መስከረም ላይ ነው፣ የመስማት ምርመራውም አብሮ ይደረጋል ተብያለሁ።

ሹራቡን ሰፍቼ ለርዕሰ መምህሩ አሳየሁት፣ ቀለሙ ስለገጠመ ተስማማ። ወረቀቱንም ሰጠሁት። ደወሉ የተንጠለጠለ ብረት ነው፣ ጥበቃው ናቸው የሚመቱት። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሞንታርቦ ይዘምራሉ። ሁሉም ልጅ ይሰለፋል። መከላከያውን አድርጎ ቢሰለፍ ልጆቹ ይስቁበታል ብዬ ፈራሁ። ከሰልፉ ቢቀር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ለብቻው የሚቆም ልጅ ይሆናል። ምን ይሻላል?

መምህሩ (ሞላሌ፣ መንዝ)

ለባለቤትሽ አድናቆቴን አድርሺልኝ። ሙልሙሉን ራሱ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰልፉ አይቅር። ሞንታርቦው የት እንደሚቆም እይና ከእሱ ራቅ ባለው ጫፍ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይሰለፍ። እኛ ትምህርት ቤት አጠገቡ መምህር ወይም የሚያውቀው ትልቅ ልጅ እናቆማለን። መከላከያውን አድርጎ ይምጣ። መምህሩ ክፍል ውስጥ አንዴ "ድምፅ ጆሮውን ያመዋል፣ ለዚህ ነው የሚያደርገው" ካላቸው ልጆች ይቀበላሉ። የኔዋን መጀመሪያ ቀን ጠየቋት፣ አንዱ ልሞክረው አለ፣ ተዟዟረ፣ አለቀ። መነጽር ያደረገ ልጅ ላይ ከሚሉት የበለጠ አላሉም።

ደግሞ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ግቢውን ባዶውን አሳዪው። ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ ብረቱን። ጥበቃውን ቀድመሽ አናግሪያቸው፣ ይከፍቱልሻል። ብረቱን አንዴ እንዲመታው ፍቃድ ጠይቂያቸው።

የጠባሴዋ ልብስ ሰፊ

ጥበቃውን አውቃቸዋለሁ፣ የሥራ ካፖርታቸውን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።